ከጡት በቀር ምንም አልቀምስም ያለ ልጅ

የሐረጎ ተመላላሽ፦

ሰላም እናቶች፣ አባቶችም ካላችሁ። ቤቴ ደሴ ነው፣ እንጀራዬ ደግሞ ኮምቦልቻ። ፋብሪካ ውስጥ ነው የምሠራው። ገና ሳይነጋ ሰርቪስ ይወስደኛል፤ ጠዋት የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ ወርጄ ማታ እሱኑ እወጣለሁ። ልጄን የሚይዙልኝ አማቴ ናቸው። አላህ ዕድሜ ይስጣቸው።

ልጁ አንድ ዓመት ከአምስት ወሩ ነው። ቤት ውስጥ «ሰውዬው» ነው የምንለው፤ ሁላችንንም ስለሚያዝዘን። የሰውዬው ነገር እንግዲህ እንዲህ ነው፤ ምግብ አይበላም። ጡት ግን ይጠባል፣ ያውም እንዴት! ማታ የበሩን ድምፅ ሲሰማ እየሮጠ ይመጣል፣ ጫማ እንኳ አያስወልቀኝም። ከዚያ እስኪተኛ ይጠባል። ከተኛም በኋላ ሌሊቱን ሙሉ እየተነሳ ይጠባል። ጠዋት ከመውጣቴ በፊት ገንፎ ላጉርሰው ስል መሃሉ ላይ ያለውን ቅቤ በጣቱ ይጠርግና አፉን ይዘጋል። በቃ። ማንኪያውን ካነሳሁ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል።

የሚወደውን ልንገራችሁ። ሙዝ፣ ወጥ ያልነካው ፓስታ፣ የዳቦ ልብ። እንቁላል ነጩን ይበላል፣ አስኳሉን ይተፋል። ጎመን መብላት ቀርቶ ሳህኑ ላይ ካየው ሳህኑን ይገፋል። ሥጋውን ያኝክ ያኝክና ጭማቂውን ውጦ የቀረውን እጄ ላይ ያስቀምጥልኛል።

ምክር አልጎደለኝም። ጎረቤቴ «እሬት ቀቢው፣ ወዲያው ይጠላዋል» ትላለች። እናቴ «ለሳምንት ወደኔ ላኪው፣ ረስቶት ይመጣል» ትላለች። ባለቤቴ «ሲርበው ይበላል» ይልና ወደ ስልኩ ይመለሳል። አማቴ ምንም አይሉም። ግን ልጁን ጡት ላይ ባዩት ቁጥር የሚያሰሟት አንድ ሳል አለች፤ ከምክሩ ሁሉ እሷ ታሳቅቀኛለች።

ጤና ጣቢያ ሲመዘን ኪሎው አልቀነሰም። ነገር ግን ካርዱ ላይ ያለው መስመር እንደ በፊቱ ሽቅብ አይወጣም፣ ጋደም ብሏል። ያሳሰበኝ እሱ ነው።

ጥያቄዬ ይኼ ነው። ጡት ባስጥለው እውነት ይበላል? ካላስጣልኩትስ ጡቱንና ምግቡን እንዴት ላስታርቃቸው? እውነቱን ለመናገር ማስጣሉን አልፈልገውም። ቀኑን ሙሉ ተለያይተን ውለን ማታ የምንገናኝባት ነገር እሷ ናት።

ቧንቧ ውሃ፦

አስጥዪው እህቴ። የኔዋም እንዲሁ ነበረች። ትንሽ አለቃቀሰችና ሽሮዋን በእንጀራ መብላት ጀመረች። እሬትም አያስፈልግ፣ ቆራጥነት ነው የሚያስፈልገው። ከዓመት በኋላ ያለ ጡት እኮ ውሃ ነው። አሳዘነኝ እያልሽ ልጁ ከስቶ እንዳይቀርብሽ።

የሕፃናት ክፍል ነርስ፦

የቧንቧ ውሃዋ እህት ልጅ መብላቷ ደስ ይላል። «ከዓመት በኋላ ውሃ ነው» የሚለውን ግን ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። እኔም እዚሁ ደሴ ነው የምሠራው፣ በየቀኑ የምሰማው ነገር ነው።

የጡት ወተት በሁለተኛው ዓመትም ለልጁ በቀን ከሚያስፈልገው ኃይል ሲሶውን ያህል ይሰጠዋል። ስቡ አለ፣ ቫይታሚን ኤ አለ፣ በሽታ የሚከላከልለት ነገር አለ። ተቅማጥ ይዞት ምግብ የዘጋ ልጅ ጡት ካለው እሱን ይዞ ይሰነብታል፤ ጡት የሌለው ልጅ ግን ቶሎ ነው የሚዝለው። የዓለም ጤና ድርጅት እስከ ሁለት ዓመትና ከዚያም በላይ አጥቡ ይላል። ቁርኣንም በአል-በቀራ ምዕራፍ 233ኛው አንቀጽ ላይ ማጥባትን ሁለት ሙሉ ዓመት ነው የሚለው። ለአማትሽ ሳል የሚሻለው ይሄኛው ይመስለኛል።

አሁን ወደ ሌላው ወገን። ሲሶው ከጡት ከሆነ የቀረው ከምግብ መምጣት አለበት ማለት ነው። በዚህ ዕድሜ በቀን 550 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ከሳህን መግባት አለበት። ከሁሉም በላይ አይረን አለ፣ ለደም የሚያስፈልገው የብረት ማዕድን። የጡት ወተት አይረኑ በጣም ትንሽ ነው። ልጁ ከማህፀን ይዞት የመጣው ክምችት ደግሞ ስድስት ወር ገደማ ላይ ያልቃል። ስለዚህ ጡቱ ጥፋተኛ አይደለም፣ ብቻውን ግን አይበቃም።

ሰውዬው ሌሊት የሚያደርገው ግልጽ ነው፤ ቀን ያጣሽን ሌሊት ይክሳል። እናታቸው ሥራ የምትውል ልጆች ብዙዎቹ እንዲህ ናቸው። ሲጠባ አድሮ ጠዋት ገንፎ ሲያይ ፊቱን ወደ ግድግዳ ቢያዞር አይገርምም። እና ጠዋት አትታገዪው። አጥቢውና ሂጂ። ከነቃ አንድ ሁለት ሰዓት ቆይቶ ሆዱ ጎደል ሲል አማትሽ የመጀመሪያውን ምግብ ይስጡት። የቀኑ ዋና ዋና ምግቦች አንቺ በሌለሽበት ሰዓት ይሁኑ። አንቺ ካለሽ ለምን ገንፎ ይበላል?

ማታ «መጀመሪያ ምግብ፣ ቀጥሎ ጡት» ይባላል። ወረቀት ላይ ያምራል። ልጇ ጫማ ለማያስወልቃት እናት ግን አይሆንም። ስትገቢ ትንሽ አጥቢው፣ ናፍቆቱ ይውጣለት። ከዚያ ቤተሰቡ እራት ሲቀርብ አብሮ ይቀመጥ። የቀረው ጡት ለመኝታ ይሁን። የሌሊቱን ቀስ እያልሽ ትቀንሺያለሽ፣ እሱ አያስቸኩልም።

ስለ ካርዱ። ልጅ በመጀመሪያው ዓመት ሲወለድ የነበረውን ኪሎ ሦስት እጥፍ ያደርሳል። በሁለተኛው ዓመት ግን ዓመቱን ሙሉ የሚጨምረው ሁለት ኪሎ ተኩል አካባቢ ብቻ ነው። የምግብ ፍላጎቱም አብሮ ይቀንሳል። ካርዱ ላይ አስቀድመው የታተሙትን መስመሮች እያቸው፤ እነሱም ጋደም ይላሉ። የሱ ከነሱ ጋር ጎን ለጎን ከሄደ ደህና ነው። እየቆረጣቸው ወደ ታች ከወረደ ግን ያሳስባል።

ጥርሱንም እይው። የውሻ ክራንቻ የሚወጣው በዚሁ ዕድሜ ነው፣ ያን ሰሞን ማንኪያ ማየት ያስጠላቸዋል።

አንድ ጥያቄ ልጠይቅሽ። በምግብና በምግብ መሃል ቀን ቀን ምን ይሰጠዋል? አማትሽን ክስ ሳታስመስዪ ጠይቂያቸው። አልበላም የሚል ልጅ ብዙውን ጊዜ የሆነ ነገር በልቷል።

የሐረጎ ተመላላሽ፦

ጠየቅኳቸው። ቅዳሜ ቡና እየተፈላ፣ እንደ ቀልድ አድርጌ።

ጠዋት ስኳር ያለው ሻይ፣ ብስኩት እየተነከረበት። ረፋድ ላይ በጡጦ ወተት። ምሳ «እምቢ አለ»። ከሰዓት ቡና ሲፈላ ሻይ በዳቦ። ከዚያ ደግሞ ሌላ ጡጦ። አንዳንዴ የባለቤቴ አጎት ከባቲ የግመል ወተት ይልካሉ፤ ለአጥንት ይሆነዋል ተብሎ ከዚያም ይቀዳለታል። አይፈላም፤ «የግመል ወተት ተፈልቶ ምን ይረባል» ነው መልሳቸው።

ማታ ስገባ «ዛሬም ምንም አልበላም» የሚሉኝ እውነታቸውን ነው። ሻይ ምግብ አይደለማ! ብስኩትም የሻይ ነው።

የሕፃናት ክፍል ነርስ፦

ይኸው ተገኘ።

ሻዩን ከነገ ጀምሮ። ስኳሩ ሆዱን ሞላሁ ያሰኘዋል። ሻይ ቅጠሉ ደግሞ ከምግብ የሚያገኘውን አይረን ሰውነቱ እንዳይቀበለው ያደርጋል። ከጤፉም ከምስሩም የሚመጣውን ማለት ነው። በዚህ ዕድሜ ሻይ ጨርሶ ባይሰጠው ነው የሚሻለው። ቡና ሲፈላ እሱም ስኒ ካልያዝኩ ካለ ስኒው ውስጥ ውሃ ይሁንለት። እግረ መንገድ፣ ቡና ላይ የሚቀርበውን ቆሎና ለውዝ ከአጠገቡ አርቁት። ትንታ ነው፤ እንዲህ ሆነው የሚመጡልን ልጆች አሉ።

ወተቱ መጥፎ አይደለም፣ ብዛቱ እንጂ። በቀን ከግማሽ ሊትር ከበለጠ ሆዱን ይይዝበታል፣ አይረኑንም ይቀንስበታል። ጡት ለሚጠባ ልጅ አንድ ስኒ ይበቃዋል። እሱም በጡጦ ሳይሆን በኩባያ፣ ከምግብ በኋላ። የግመሉን ግን አፍሉት። ወተቱ ጥሩ ነው፣ ጥሬውን ግን ብሩሴሎሲስ የሚባል በሽታ ያስተላልፋል። ለአጎትየውም ንገሯቸው፣ ለራሳቸውም ጭምር።

አንድ ነገር ላጽናናሽ። ከ6 እስከ 23 ወር ያለ ልጅ በቀን ከስምንት የምግብ ዓይነቶች ቢያንስ አምስቱን ያግኝ ይባላል። የጡት ወተት ራሱ አንዱ ነው። ሌሎቹ እህልና ሥራ ሥር፣ ጥራጥሬ፣ የወተት ተዋጽኦ፣ ሥጋና ዓሣ፣ እንቁላል፣ እንደ ካሮትና ጎመን ያሉ ቫይታሚን ኤ ያላቸው አትክልትና ፍራፍሬዎች፣ ከዚያ የቀሩት አትክልትና ፍራፍሬዎች። ሰውዬው የሚወዳቸውን ብንቆጥር ጡት፣ ፓስታና ዳቦ፣ ወተት፣ ሙዝ፣ የእንቁላል ነጭ። አምስት ሞላ! አንቺ እንደፈራሽው ባዶ አይደለም። በ2016 እ.ኤ.አ. በተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በዓይነትም በቁጥርም በቂ የሚባል ምግብ የሚያገኙት የዚህ ዕድሜ ልጆች 7 ከመቶ ብቻ ነበሩ። የሱ ክፍተት ግን ግልጽ ነው። ጥራጥሬ የለም፣ ሥጋ የለም፣ ጎመንና ካሮት የለም፣ አስኳሉም ይተፋል። የአይረኑ ነገር ያለው እዚያ ነው። ለዚህ ስትይ ደሙን አስመርምሪው።

አያት ነኝ፦

ልጄ፣ እኔ ኮምቦልቻ ነኝ። ልጆቼን አሳድጌ የልጅ ልጆቼን ይዣለሁ፣ ጽሑፉን ትልቋ ናት የምታነብልኝ። መጀመሪያ ስለ አማትሽ ልናገር። ቀኑን ሙሉ የሚሮጥ ልጅ መያዝ ቀላል እንዳይመስልሽ። ሻይ በብስኩት የምንሰጠው ስለማናውቅ አይደለም፣ ልጁ ዝም ስለሚል ነው። «ሻይ ከለከሉ» ብለሽ ባዶ እጅሽን አትሂጂባቸው። በሻዩ ምትክ የሚሆነውን አዘጋጅተሽ ስጫቸው።

ምጥን ዱቄት አዘጋጂ። ሦስት እጅ እህል፣ አንድ እጅ ጥራጥሬ። እህሉ ጤፍ፣ አጃና ገብስ ይሁን፣ ጥራጥሬው ሽምብራ። ሽምብራውን ቁይና ከክተሽ ገለባውን አውጪ፤ ይህን ያልሠራሽ እንደሆነ ሆዱን ይነፋዋል። አብረሽ አስፈጪው። ገንፎው ሲሠራ እንቁላሉን ከነአስኳሉ ምቺና ድስቱ ላይ እያለ እያማሰልሽ ጨምሪው። አስኳል መኖሩንም አያውቅ። ቅቤውን መሃሉ ላይ ጉድጓድ አድርገሽ አትጨምሪለት፣ ጠርጎ ይሄድብሻል፤ አዋህጂው። ሙዝ ከወደደ ሙዙንም ፍጪበት።

አንዳንዱ ልጅ ገንፎ የሚጠላው ስለሚጠነክርበት ነው። እናት ይኼኔ ውሃ ትጨምርና አጥሚት ታደርገዋለች፤ ሆዱ በውሃ ይሞላል። እናቶቻችን ውሃ አይጨምሩም ነበር። የብቅል ዱቄት ቆንጠር አድርገሽ ጨምሪና መልሰሽ አፍዪው። ዱቄቱ ሳይቀንስ ገንፎው ይላላል።

ሥጋ የሚተፋውን ዓሣ ሞክሪለት። የሐይቅ ቆሮሶ ስታገኚ ቀቅዪና እሾኩን በጣትሽ ፈልገሽ አውጪ፣ ከድንች ጋር ፍጪው። ጎመን ደግሞ አንዴ ገፋ ተብሎ አይተውም። ሳህኑ ላይ ትኑር፣ ትንሽ። አትለማመጪው፣ አትቆጪው። እኛ ስንበላት እያየ አንድ ቀን ራሱ ያነሳታል።

እሬት የሚሉሽን ተያቸው። ልጅ ከእናቱ ምሬት ለምን ይቅመስ?

ሸዋ በር፦

የኔ ነገር ትንሽ ለየት ይላል፤ እኛ ጿሚዎች ነን። ልጆች ጾም እንደሌለባቸው ሁላችንም እናውቃለን። ችግሩ ድስቱ ነው። ዓቢይ ጾም ሲገባ ዕቃው እንዳይነካካ እየተባለ እንቁላሉም ወተቱም ከልጁ አፍ አብሮ ይጠፋል። እኔ ከሰኞ ገበያ አንዲት ትንሽ ድስትና ማንኪያ ገዝቼ ለልጄ ለይቻለሁ። መደርደሪያዋም ለብቻዋ ነው። አማቴም ተስማሙ፣ ጠቡም ቀረ። ለጠያቂዋ በቀጥታ ባይሆንም እዚህ ለሚያነቡ ይጠቅማል ብዬ ነው።

ቧንቧ ውሃ፦

እሺ ውሃ ነው ያልኩትን ነርሷ አርማኛለች፣ ይሁን። ግን እናት ስትደክም ደክሞኛል የማለት መብት አላት። ሌሊቱን ሙሉ ሳይተኙ አድሮ በሰርቪስ መሄድ ቀልድ አይደለም። «ሌሊቱ አያስቸኩልም» ማለት ለተኛ ሰው ይቀላል።

የሐረጎ ተመላላሽ፦

ቧንቧ ውሃ፣ አፌን ነው የነጠቅሽኝ። ሰርቪስ ላይ የሐረጎ ጠመዝማዛ መንገድ እንኳ አይቀሰቅሰኝም።

አሁን ያለንበትን ልጻፍላችሁ። ነርሷ ያለችውን የአል-በቀራ አንቀጽ ለአማቴ አነበብኩላቸው። «እሱንማ ማን አጣው» አሉ። ሳሏ ግን ቀንሳለች። ዱቄቱን እንደ አያታችን አሰናዳሁት። አማቴም ሽምብራውን ሲያዩ «ይኼንንማ እኔ አስተምርሽ ነበር» ብለው አቆላሉን ከእጄ ቀሙኝ። ያን ቀን ነው ነገሩ የተቃለለው፤ ገንፎው አሁን የሳቸው ነው። አያታችን፣ አንቱ እንዳሉት ባዶ እጄን ባለመሄዴ ነው፣ ያኑርልን።

ይበላል ወይ? ረፋድ ላይ ይበላል። ብዙ አይደለም፣ ግን ማንኪያ ሲያይ አይዞርም። እንቁላሉን ከነአስኳሉ እየበላ ነው፣ ምስጢሩን ማንም እንዳይነግረው። ጎመን አሁንም ሳህኑ ላይ ተቀምጣ ትነሳለች። ዓሣውን ባለቤቴ በላው። ሻዩን በውሃ መተካቱ ግን ጦርነት ነበር። ስኒውን ወደ መሬት እየወረወረ፣ ቡናው ሁሉ ለቅሶ ሆነ። በመጨረሻ አማቴ ለራሳቸውም ውሃ ቀድተው አብረውት «ፉት» ማለት ጀመሩ፤ እሱን ተቀበለ።

ሌሊቱን በተመለከተ ከነርሷ ትንሽ እለያለሁ። ከመተኛቱ በፊትና ንጋት ላይ አጠባለሁ፤ መሃል ሌሊት ላይ ሲነሳ ባለቤቴ ነው የሚያነሳው። «ሲርበው ይበላል» ያለው ሰውዬ አሁን ማታ ማታ ልጅ አዝሎ ይዞራል። እኔ እተኛለሁ። ጡቱ ግን አይቀርም፣ ሁለት ዓመቱ ሲሞላ እንነጋገራለን።

ደሙንም አስመረመርኩት። ትንሽ የደም ማነስ አለበት ተባለ፣ የአይረን ሽሮፕ አዘዙለት። አሁን የምጠይቀው ስለሱ ነው። ስሰጠው የግማሹን ይተፋዋል፣ ከወተት ጋር ብቀላቅለውስ?

የሕፃናት ክፍል ነርስ፦

ሌሊቱን ያደረግሽው ጥሩ ነው፣ ቧንቧ ውሃም ልክ ናት፣ እኔ ሳልተኛ የማድረው ሌሊት ተረኛ ሆኜ ነው እንጂ ልጅ ይዤ አይደለም።

ሽሮፑን ከወተት ጋር አትቀላቅዪው፤ ወተቱ ሥራውን ያበላሽበታል። በምግብና በምግብ መሃል፣ ትንሽ የብርቱካን ጭማቂ አስከትለሽ ስጪው። ብርቱካኑ አይረኑን ሰውነቱ እንዲቀበለው ይረዳል። ጡት ካጠባሽው በኋላ ትንሽ ቆይተሽ። የሚተፋው ምላሱ ላይ ስለምታፈሺው ይሆናል። መርፌ በሌለው ስሪንጅ ወደ ጉንጩ ውስጥ፣ ጥቂት ጥቂት አድርጊለት። ጥርሱንም እንዳያጠቁረው ያግዛል። ከዚያ ውሃ ይጠጣ።

ሰገራው ይጠቁራል፣ አትደንግጪ። ሆዱን ካደረቀው ፓፓያ ስጪው፣ መድኃኒቱን ግን በራስሽ አታቁሚ። ደሙ ተስተካከለ ቢባል እንኳ ሐኪሙ የጻፈውን ጊዜ ይጨርስ፣ ክምችቱ መሙላት አለበት።

ጠርሙሱን ደግሞ ሰውዬው ከማይደርስበት ከፍ ያለ ቦታ ቆልፊው። ጣፋጭ ስለሆነ ልጆች ይወዱታል፣ ብዙ ከጠጡት ግን መርዝ ነው። ለአማትሽም ንገሪያቸው።